ናፍጣ ወይስ ጋዝ

ያቺ ጂፕ ግቢያችን ውስጥ ከቆመች ወዲህ ከቤተሰቤ በቀጥታ የሚራመድ ሰው አልነበረም። ሁላችንም በጎናችን እየሄድን ነበር የምንገባና የምንወጣው። ቤቱ ጎንደር ውስጥ ጣሊያን የሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ ግቢው ጠባብ፣ አጥሩም ግንብ ስለሆነ ወዲያ ገፋ አይደረግም። ባለቤቴ የውሃ ባልዲ ይዛ በግንቡና በማኪናዋ መካከል ስታልፍ የቀሚሷ ጠርዝ ሁልጊዜ ዝገት ይዞ ይገባ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ስለ ዝገቱ አላማረረችም። እኔም አለማማረሯን እንደ ስምምነት ቆጠርሁት። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተስማማ መስሎ የታየኝ በዚህ ብቻ አልነበረም።

ማኪናዋን የገዛኋት ከአብዮቱ በፊት ነው። መንገድ ሲቀይሱ የነበሩ ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ዕቃቸው በሐራጅ ተሸጠ፤ እሷም ከድንኳንና ከታጣፊ አልጋ ጋር ተሰልፋ ነበር። ከኋላ ወንበሯ ላይ አንድ ሣጥን ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተገኘ፤ ስለ ሞተር፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ብየዳ። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ጠባቂ ነበርሁ። ትምህርት ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በመዝገበ ቃላት እየቆፈርሁ ነው፤ አንዳንዱን ገጽ በአንድ ሳምንት። ስለዚህ የማውቀው ጥቂት ቢሆንም ከሌላው ሰው አብልጬ አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ልጆቼንም ሳታስቡ አትናገሩ፣ ሳትለኩ አትጀምሩ እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። ምክሩ ክፉ ምክር አይደለም። ሰው ግን ጥሩ ምክር ይዞ ከኋላው ሊደበቅ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር።

በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ለግል ማኪና የሚፈቀደው አዘዞ ደርሶ ለመመለስ ያህል ነው፤ የእኔዋ ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ትጠጣ ነበር። በሐሳቤ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው የቤንዚን ሞተሯን አውርዶ የናፍጣ ሞተር መግጠም ነው። የናፍጣ ሞተር ጠጪ አይደለም፤ ናፍጣም ከከባድ መኪና ሾፌሮች ዘንድ አይጠፋም። ሾፌር የሚሸጠው ናፍጣ የመንግሥት መሆኑን፣ መግዛቱም ከመስረቅ እንደማይለይ አውቅ ነበር፤ ያንን ግን ቆይቼ አስብበታለሁ ብዬ አሳደርሁት። ሁለተኛው መንገድ ሞተሩን ሳይነኩ ምግቡን መለወጥ ነው፤ በቤንዚን ፋንታ በጋዝ እንዲሠራ ማድረግ። ከፈረንጆቹ መጻሕፍት በአንዱ ላይ ከኋላዋ የብረት ጠርሙስ ያዘለች ማኪና ሥዕል ነበረች። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሀብታም ቤት ምግብ የሚበስልበት ዓይነት ቡታጋዝ ነው። ከጠርሙሱ ቱቦ ይወጣል፣ ቱቦው ወደ ካርቡራቶሩ ይገባል፣ ማኪናዋም ትሄዳለች። ያንን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አላውቅም፤ ወረቀቱ በጣቴ ወዝ ጠቁሮ ነበር።

ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ሐሳብ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን በጥር ወር ከልጄ ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ከዓመት በፊት ሳንጃ ውስጥ በሰሊጥ ግዥ የሚሠራ ሰው አግብታ ወደ ቆላ ወርዳለች። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ማርገዟን፣ በሰኔ እንደምትወልድ፣ ወደ እኛ ለመምጣት መንገዱ እንዳስቸገራት ይናገራል። ለእናቷ እንዲነገርላት አደራ ይላል።

በእኛ ዘንድ ሴት የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ሩቅ ብትሆን፣ ባሏ የቱንም ያህል ቢሳሳላት ትመጣለች። እናቷ ታገነፋላታለች፣ ወገቧን ታሽላታለች፣ እስኪጠና ድረስ ልጁን ታቅፍላታለች። ደግሞም ሳንጃ ቆላ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ወባ ይነሳል፤ ወባ ነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል። ይህን ባለቤቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ላይ ጸጥታ ስላልነበረ አውቶቡስ ከቆመ ከርሟል። የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች ናቸው፤ እነሱም ቀን ተቆርጦላቸው፣ በወታደር ታጅበው። የይለፍ ወረቀት ያለው የግል ማኪና ከእጀባው ኋላ ገብቶ መሄድ ይችላል። ከባድ ሆድ ይዛ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ያንን ኮረኮንች ትውጣ የሚል ወላጅ ግን የለም።

እኔ አመጣታለሁ አልሁ። ማኪናዋን አስተካክዬ ከፋሲካ በፊት እወርዳለሁ። ባለቤቴ የዚያኑ ቀን የገንፎ ገብስ መልቀም ጀመረች።

አንድ ነገር አሁኑኑ ልጻፍ፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት አድበሰብሰዋለሁ ብዬ ስለምፈራ ነው። ከኩፖኔ እየቆጠብሁ ያጠራቀምሁት ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ነበረኝ። ሳንጃ አድርሶ ይመልስ ነበር።

ከፒያሳ በታች አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። በልጅነታቸው ጣሊያኖች ጋራዥ ገብተው የተማሩ ናቸው፤ የማኪናን ዕቃ ሁሉ በጣሊያንኛ ነው የሚጠሩት። ሄጄ ነገሩን አጫወትኋቸው። ናፍጣ ይሻላል ወይስ ጋዝ ብዬ ጠየቅኋቸው። መፍቻቸውን አስቀምጠው በትዕግሥት አስረዱኝ። የናፍጣ ሞተር ክብደት አለው፤ የፊት ባሌስትራዋ አይችለውም፤ ካምቢዮዋም ከሱ ጋር አይገጥምም፣ ተቆርጦ ተበይዶ ነው የሚሆነው፤ በብርድ ጧት ደግሞ አልነሳም ይላል። ጋዙ ቱቦው በትንሹ ቢሾልክ ሰው ይፈጃል፤ ጠርሙሱ ሲያልቅም የሚሞላው አዲስ አበባ ነው። እኔ ደብተሬን አውጥቼ የሚሉትን እጽፋለሁ። ደብተሩን አዩት፤ ሁለት ገጽ ላይ ገበታ አስምሬ የናፍጣን በግራ፣ የጋዝን በቀኝ ጽፌያለሁ።

«አሁን ያለው ሞተር ይነሳል?» አሉኝ።

«ይነሳል፣ አያ።»

«ቤንዚንስ አለህ?»

«አለኝ፤ ነገር ግን...»

«ነገር ግኑን እዚህ ተውልኝና ሂድ ልጅህን አምጣ። ስትመለስ ናፍጣውም ጋዙም እዚሁ ይጠብቁሃል።»

ተከፍቼ ወጣሁ። ያልተማሩ ሰው ናቸው፣ መጽሐፍ አላዩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ያንን ቁልቁለት ፈርቼ ነበር። ማኪናዋ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ በረሃው ላይ ብትቆምብኝ፣ ወታደሮቹ ጥለውኝ ቢሄዱ፣ ልጄን ጭኜ ስመለስ ሽፍታ ቢያስቆመኝ እያልሁ አስብ ነበር። ፈራሁ ማለት ስላሳፈረኝ እያመዛዘንሁ ነው አልሁ። ቤተሰቤም አመነኝ፤ እኔም አመንሁት።

ለማመዛዘን ደግሞ ልኬት ያስፈልጋል። አሁን ያለው ሞተር በአንድ ሊትር ስንት እንደሚሄድ ካልታወቀ ናፍጣውም ሆነ ጋዙ ምን ያህል እንደሚያተርፍ በምን ይታወቃል? መጽሐፉ የሚለውን ዘዴ ተከትዬ አንድ የሊትር ጠርሙስ በኮፈኑ አጠገብ አንጠለጠልሁ፤ ከሱ በቀጭን ጎማ ወደ ካርቡራቶሩ አገናኘሁ። ጠርሙሱ ሞልቶ ይነሳል፤ ባዶ ሲሆን ማኪናዋ ትቆማለች፤ የሄደችው ይመዘገባል። ሜዳውን በአዘዞ በኩል ለካሁ። ሽቅቡን ለመለካት ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። ያኔ እስከዚያ ድረስ ኬላ ጠባቂዎቹ ያውቁኝ ስለነበር ያሳልፉኝ ነበር።

ኮሶዬ ጥግ ላይ ጠርሙሱ አልቆ ቆሜ ስመዘግብ ከአንድ ምግብ ቤት በራፍ የተቀመጡ ገበሬዎች መጥተው ከበቡኝ። አንዱ ጋቢውን እንደተከናነበ ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ምነው አያ፣ ማኪናይቱ ታማ ነው በጠርሙስ የሚያጠጧት?»

እየለካሁ ነው አልሁት። ምን እንደምለካ ጠየቀኝ። በአንድ ሊትር የምትሄደውን አልሁት።

«ይኸ ምን ልኬት ይፈልጋል? ሲያልቅ ቆመች አይደል?»

ጓደኞቹ ሳቁ። ሸጋ ሰው ነበር፤ ማኪናዋን ዳገቱን እንዲገፉልኝ ሁሉንም አስተባበረልኝ። እኔ ግን ያንን ቀን ሁሉ በገበሬ አፍ መደፈሬን ሳብሰለስል ዋልሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ልኬት ከሌላው ስላልገጠመልኝ ደግሜ ወጣሁ። ከዚያም ጭነት ጭኜ ካልለካሁ ነገሩ ሙሉ አይሆንም ብዬ ድንጋይ ጭኜ ሦስተኛ ወጣሁ። የልኬቱ ሥራ ሲያበቃ ፋሲካ አልፏል፣ ደብተሬ ሞልቷል፤ ከሁለቱ ጀሪካን አንዱ ባዶ፣ ሁለተኛውም ከግማሽ በታች ነበር። በዚያ ቤንዚን ወደ ሳንጃ መውረድ ይቻላል፤ መመለስ አይቻልም።

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ጀሪካኖቹን ራሷ አነሳቻቸው። አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን ከፍ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። በጎኗ እየሄደች ገባች።

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ጋዙ ነው ብዬ ወሰንሁ። ቡታጋዝ እንዲሁ ከገበያ አይገኝም፤ ለማግኘት ደግሞ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ተቀምጬ ማመልከቻ ጻፍሁ። ጽሑፌ ጥሩ ነው ብዬ እመካበታለሁ፤ ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት። የግል መኪናዬን ከቤንዚን ወደ ጋዝ ለመለወጥ ስላሰብሁ ለዚሁ የሚሆን ጋዝ በየወሩ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ የሚል ነበር።

ስህተቱ አንዲት ቃል ናት። እኔ በመጽሐፌ ላይ ጋዝ ሲል ያነበብሁት እንደ ትንፋሽ ያለውን፣ በጠርሙስ የታፈነውን ነው። ጎንደር ውስጥ ግን ጋዝ ማለት ላምባ ነው፤ የኩራዝ ላምባ። እኔ ራሴ ቤቴ ውስጥ ጋዝ አለቀ ስል ላምባ ማለቴ ነው። ብዕር ሳነሳ ግን የቤቴን ቋንቋ ረስቼ የመጽሐፉን ያዝሁ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ላምባ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሳምንታት አልፈዋል። ሰው በሱቁ በር ላይ ጠርሙሱንና ጀሪካኑን በተራው እያሰለፈ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ድንጋይ ከውስጡ እየጨመረ፣ ራሱ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጠርሙሶቹ ብቻቸውን ተሰልፈው ይውሉ ነበር።

በእሁዱ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን ለሕዝብ አነበበው። ወጣት ነው፤ ክፉም ሰው አልነበረም። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለገኝ።

«ጓድ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

ተነሥቼ እኔ ነኝ አልሁ።

«ሰፊው ሕዝብ ለኩራዙ ያጣውን ጋዝ ለመኪና?»

ይህ ጋዝ ሌላ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ። ላምባ አይደለም፣ ፈሳሽም አይደለም፣ እንደ አየር ያለ ነገር ነው አልሁ። ከኋላ ረድፍ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ጎረቤታችን ሳትነሳ ተናገረች።

«አየር ከሆነማ ምን ማመልከቻ አስጻፈው? ውጭ ሞልቶ የለ። ኮፈኗን ይክፈትላትና ትጠጣ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሊቀመንበሩም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ቆሜ የካርቡራቶርን አሠራር ማስረዳት ጀመርሁ። አሁን ሳስበው አብሬ ስቄ፣ ይቅርታ፣ ቡታጋዝ ማለቴ ነው ብዬ መቀመጥ ይበቃኝ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል አርሜ፣ ልጄ ልትወልድ ነው ማለትም እችል ነበር፤ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የማይራራልኝ ሰው አይገኝም ነበር። እኔ ግን ትክክል መሆኔን ማስረዳት ፈለግሁ። ብዙ በተናገርሁ ቁጥር የበለጠ አሻጥረኛ መሰልሁ። ከኋላ አንዱ ጋራዡ ይፈተሽ አለ። ጋራዥ የለኝም።

በመጨረሻ የተወሰነው ጉዳዩ ከበላይ አካል ተጣርቶ እስኪመጣ ድረስ ማኪናዋ ከቀበሌው እንዳትወጣ፣ የይለፍ ወረቀትም እንዳይሰጠኝ ነው። በማግስቱ የአብዮት ጥበቃ አባል መጥቶ ማኪናዋን በዓይኑ አየ፤ ቁጥሯን ጻፈ። የቤታችን የላምባ ካርድም እስከዚያው ታገደ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ በሱቁ በር ስታልፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን የሚያስረዳልኝ መጽሐፍ የለም። አራት ወር ሙሉ ሳመዛዝን የከረምሁ ሰው በአንድ ቀን ቁጣ ሞተር አወረድሁ። ጋዙን ከከለከሉኝ ናፍጣውን እገጥማለሁ፤ ማጣራቱ እስኪያልቅ ማኪናዋ ተዘጋጅታ ትቆማለች አልሁ። አዘዞ አጠገብ ከተቃጠለ አነስተኛ የጭነት መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር መኖሩን ሰምቼ ነበር። መካኒኩን ለመንኋቸው። መጀመሪያ ሞተሩን ግዛ፣ ከዚያ እናወርዳለን አሉኝ። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ሦስት ግንድ አቁሜ፣ ሰንሰለት ከመሥሪያ ቤት ተውሼ፣ አሮጌውን ሞተር ከኮፈኗ አውጥቼ ሣንቃ ላይ አስቀመጥሁት። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። እጄ ሲሠራ ልቤ ያርፋል፤ የታሰርሁ መሆኔን እረሳለሁ።

ሰኞ የአዘዞውን ሞተር ቁጥር ለማስመዝገብ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድሁ። በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ሞተር ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ጸሐፊው የሞተሩን ቁጥር አምጣ አለኝ። ቁጥሩ የተመታበት ብረት በቃጠሎው ተላልጧል፤ አይነበብም። የማን ነበር አለኝ። ባለቤቱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቁጥር የሌለው፣ ባለቤት የሌለው ሞተር ለማን ይጻፋል ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ እንዲያውም ሻይ ጋበዘኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ የሚያስገባ መንገድ አልነበረም። ማኪናዋ አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ሞተሯ ከፊቷ ሣንቃ ላይ ተቀምጧል፤ ግንዶቹ በሩን ዘግተዋል። በግንዶቹ መካከል ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቅቤ በቅል እያሸገች ነበር።

«ስንት ወሯ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ስምንት።»

«ዘጠነኛው ገብቷል። አንተ የምትቆጥረው ሌላ ነገር ነው።»

ከዚያ ቀጥላ ነገረችኝ። ከሴቶች ማኅበሯ ሰዎች ጋር ሄዳ በራሷ ስም የይለፍ ወረቀት አውጥታለች። ሰሊጥ ልትጭን ባዶዋን የምትወርድ መኪና አግኝታለች፤ እጀባው ረቡዕ ይነሳል። ልጅቷ ወደ እናቷ ካልመጣች እናቷ ወደሷ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ እናት ሴት ልጇን በበኩር ወሊዷ አማቾቿ ቤት ሄዳ አታርስም። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትሁ። አየችኝ። ዘጋሁት።

እኔም ልሂድ ብዬ ነበር። ለእኔ ወረቀት የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ጉዳዬ ገና እየተጣራ ነው። ረቡዕ ጧት እስከ ኬላው ሸኘኋት። ዱቄቱንና ቅቤውን እኔ ነኝ የተሸከምሁት። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ከኋላ ከባዶ ጆንያዎች ላይ ወጣች። በዕድሜዋ እንደዚያ ስትንጠላጠል አይቻት አላውቅም። ከላይ ሆና ወደ ታች አየችኝ።

«ግንዶቹን አንሣቸው» አለችኝ። «ስመለስ ቤቴ በሰላም መግባት እፈልጋለሁ።»

ወታደሩ የኬላውን እንጨት አነሳ፤ መኪናዎቹ አለፉ። እንጨቱ ወረደ። እኔ ከእንጨቱ ወዲህ ቆሜ ቀረሁ። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው በብዙ ምክንያት ከኬላ ወዲህ ቀርቷል፤ እኔ ግን ደርግ አስቀረኝ ብዬ ለማንም ለማውራት አልደፈርሁም። እሷን ያሳለፋት ያው ደርግ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ጣለ፤ የዋልካው ጭቃ መኪና ያዘ፤ እጀባውም ቆመ። አምስት ሳምንት ምንም ወሬ አልመጣም። ከሥራ ስወጣ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ መካኒኩን ጠርቼ አሮጌውን ሞተር መልሰን ገጠምነው። አዛውንቱ አልተቹኝም፤ ነግሬህ አልነበረም የሚለውን ቃል እየጠበቅሁ ነው ሥራው ያለቀው። ካንዴላዎቹን አጽድተው አስረው ሲጨርሱ ከተረፈው ቤንዚን ጥቂት አፍስሰን አስነሳናት። በመጀመሪያው ነው የተነሳችው። ድምጿ ደኅና ነበር። ሁለታችንም ቆመን አዳመጥናት። ከዚያ ቤንዚን አታባክን ብለው አጠፏት፤ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ግንዶቹን አነሣሁ።

በሐምሌ አጋማሽ ከሳንጃ በበቅሎ የመጣ ነጋዴ መልእክት አደረሰ። ልጄ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ከመውለዷ በፊት ወባ ይዟት ነበር፤ ጠንክሮባት ራሷን ስታለች፤ በጤና ጣቢያው በኪኒን አተረፏት። ወባው የጠናባት እናቷ ከደረሰች በአራተኛው ቀን ነው። ነጋዴው ይህን ሁሉ የነገረኝ እየተጣደፈ ነው። መጨረሻ ላይ፣ መልእክቱን የጨረሰ ከመሰለ በኋላ፣ አራሷን ጆሮዋ ግን ትንሽ አስቸግሯታል አሉ ብሎ ጨመረ።

በዚያው ሰሞን ከቀበሌ ተጠራሁ። ጉዳዩ ተጣርቶ መጥቷል። በማመልከቻው ላይ ጋዝ የተባለው ላምባ አለመሆኑ ስለተረጋገጠ ማኪናዋ ከዛሬ ጀምሮ መንቀሳቀስ ትችላለች ይላል ወረቀቱ። ሊቀመንበሩ እጄን ጨበጠኝ፤ እንኳን ለአያትነት አበቃዎት አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

መንገዱ የተከፈተው በመስከረም ነው። ባለቤቴ፣ ልጄና ሕፃኗ ከጭነት መኪና ጋቢና ወረዱ። ልጄ ከስታለች፤ ቆላው ፊቷን አጥቁሮታል፤ ግን ቆማ ትሄዳለች። እንኳን ደኅና መጣሽ አልኋት፤ ሳመችኝ። ቤት ገብተን ስንቀመጥ ስጠራት ዝም አለችኝ። ደግሜ ስጠራት እናቷ ክንዷን ነካ አደረገቻት፤ ያኔ ፊቷን ሙሉ ወደ እኔ አዞረች። የወባው ኪኒን ብዙ ነበር፤ ሲበዛ ጆሮ ይደፍናል፤ ካላበዙት ግን አትተርፍም ነበር። ግራ ጆሮዋ በቀናት ውስጥ ተመልሷል። ቀኙ አልተመለሰም።

ለእኔ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጋዝ ይሁን ናፍጣ ብዬ ሳመዛዝን ከቆየሁት ወራት በአንዱ፣ ቢያንስ በመጋቢት፣ ወጥታ እዚህ ብትሆን ያ ወባ አያገኛትም ነበር። ቀበሌውን መክሰስ እችላለሁ፤ ኩፖኑን መክሰስ እችላለሁ፤ ቁጥሩ የተላለጠውን ሞተር መክሰስ እችላለሁ። ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግን ከሁሉም በፊት መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሰው የታሰረበትን ገመድ ሲያይ ራሱ የቋጠረው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት። ይህን ለልጆች ሁሉ እመክራለሁ፤ ለራሴ ግን የመከርሁት ካለፈ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ልጄ ደጃፉ ላይ ባለው መደብ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። እናቷ ገበያ ሄዳለች። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። በቀኟ በኩል ነው የተቀመጥሁት። አውቄ ነው ወይስ ሳላውቅ እስከ ዛሬ ለራሴ አልመለስሁም። ሕፃኗን አየኋት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ፣ ከፍም ሳላደርግ፣ ሰው ለሰው እንደሚናገረው፣ ፈርቼ ነው የቀረሁት፣ ይቅር በይኝ አልሁ። በሕይወቴ ለልጆቼ ያንን ቃል ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ የሕፃኗን ጠጉር እያስተካከለች ነበር። አልዞረችም። ተነሥቼ በግራዋ መቀመጥ እችል ነበር፤ ሁለት እርምጃ ነው። አልተነሣሁም። ትንሽ ቆይታ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ በጎን አይታ ይሁን አላውቅም፣ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«የሆነ ነገር አሉ እንዴ፣ አባባ?»

«ስለ ሞተሩ ነው» አልኋት።